ክላክሱ የተቃጠለ ዕለት

ሰሞኑን ላሊበላ ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሽቦው ተቃጥሎ ሸተተኝ። ያ ሽታ ልጅ ሳለሁ ፍላቂት ወደነበረችው የአባቴ አሮጌ ቮልስ ወሰደኝ።

አባቴ መኪናዋን ከስድስት ቮልት ወደ አሥራ ሁለት እየቀየራት ነበር። ባትሪውን፣ ዲናሞውንና አምፖሎቹን ለውጦ ክላክሱ ብቻ ሲቀረው እናቴን ምጥ ያዛት። ማለዳ፣ አገሩን ጉም እንደሸፈነው፣ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተነሣን። እናቴ ከኋላ ተጋድማ ታቃስታለች። ገና ከከተማው ሳንወጣ የተጫነ አህያ መንገድ ገባብንና አባቴ ክላክሱን ተጫነው። አንዴ ጮኸና መኪናዋን ጭስ ሞላት። አባቴ ቆሞ ሽቦውን በጠሰው።

«ስድስት የለመደ ነገር አሥራ ሁለት አይችልም» አለ።

«እኔስ የምችል መስሎህ ነው?» አለችው እናቴ። ስለ ቮልት የምታወራ መስሎኝ ግራ ገባኝ።

የድልብ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ባሰ። «ልጄ፣ አንገትሽን አውጪና በየጠመዝማዛው ጩኺ» አለኝ አባቴ። «መኪና! መኪና!» እያልኩ ወረድን። አንድ የጭነት መኪና ከጉሙ ድንገት ብቅ ሲል አባቴ ወደ ገደሉ ጠርዝ ያዘ። ጠጠሩ ከጎማችን ሥር ወደ ታች ሲንኮለኮል ሰማሁ፤ መጮኼን ግን አላቆምኩም።

ከቀትር በኋላ ሆስፒታሉ ውስጥ አባቴ እናቴ ወደተኛችበት ክፍል አስገባኝ። አዲስ የተወለደውን ወንድሜን ታቅፋ ነበር። «ያንቺን ጩኸት እየሰማሁ የኔን ረሳሁት» አለችኝ። ልመልስላት ብል ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

«አይዞዎት እትዬ፣ ምንም አይደል» አለኝ ላሊበላ ላይ የባጃጁ ሾፌር። እውነቱን ነው፤ ግን ያ ሽታ እያለ መቀመጥ ስላልቻልኩ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።