ከበሩ ማዶ እንወስዳታለን

እህቴ ሶልቬይ አገራችንን ሰንጥቆ የሚያልፈውን፣ ጀልባ የሚመላለስበትን የዮታን ቦይ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠችው አትጠይቁኝ፤ እሷም አታውቀውም። ባሏ አርቪድ ግን ያቋረጠው በሞተር ጀልባ ነው፣ እሷ በእግሯ። እውነቴን ነው! ቦዩ ሽቅብ በሚወጣበት ሁሉ የውሃ በሮች አሉ፤ ጀልባዋ ትገባለች፣ ከኋላዋ ያለው በር ይዘጋል፣ ውሃው እየሞላ ወደ ላይ ያነሳታል፣ ከዚያ የፊተኛው ይከፈታል። በእኛ አገር ወግ ባል መሪውን ይይዛል፤ ሚስት ደግሞ ከበሩ በፊት ወርዳ ገመዱን ይዛ በዳር በዳር ትሄዳለች፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቀለበት ታስገባዋለች፣ ትስባለች፣ ከበሩ ማዶ ተመልሳ ትሳፈራለች። ይህን ማን እንደደነገገው እንጃ። በዝናብ የምትበሰብሰው ሁሌም ሚስት ስለሆነች ግን ወንድ መሆን አለበት።

ሶልቬይ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ስታበላ ትከርምና በጋ ሲመጣ ገመድ ትጎትታለች። እጇ የአናጢ እጅ ነው። አንድም ቀን «እስቲ እኔ ልንዳ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ለምን ስላት፣ «እሱ ደስ ይለዋላ» ትለኛለች። አቤት ስታናድደኝ!

ባለፈው በጋ ደወለችልኝና «ሲግኔ፣ እባክሽ አብረሽን ነይ» አለችኝ። ሶልቬይ እባክሽ የምትል ሴት አይደለችም። ቶሬቡዳ ከተማ ከባቡር ስወርድ ቦዩ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። ሻንጣዬን ተቀበለችኝና ጀልባዋ ጋ ሳንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«አርቪድ ደህና አይደለም» አለች። «ይረሳል።»

«እኔስ አልረሳም?»

«የሱ እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ የመኪና መንጃ ፈቃዱን ወስዶበታል።»

«እና ጀልባ አስይዘሽው መጣሽ? አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ!»

«ለትንሽ ጀልባ ፈቃድ አይጠየቅም።»

«ስላልተጠየቀ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል። ቦዩ ላይ የት ይጠፋል ሲግኔ? ግራውም ቀኙም መሬት ነው፤ የሚሄደውም በሰው እርምጃ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ይንዳ ብዬ ነው። ቬተርን ስንደርስ መሪውን እቀበለዋለሁ።»

ቬተርን። የእኛ ሰው ይህን ሐይቅ ሲጠራ ድምፁን ይቀንሳል። ቦዩ እዚያ ያበቃና ከማዶ ሙታላ ላይ እንደገና ይጀምራል፤ በመሃል ያለው ሰፊ ውሃ ነው፣ ጥልቅ፣ በበጋ እንኳ አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ። ጠዋት ረግቶ የተኛው ከቁርስ በኋላ ጀልባ ይገለብጣል። «መቼ ነው የምትነግሪው?» አልኳት። «ካርልስቦሪ ስንደርስ» አለችኝ። ካርልስቦሪ ሐይቁ አፍ ላይ ያለች ወደብ ናት።

አርቪድ ሲያየኝ ተነስቶ አቀፈኝ። «መጣሽ አንቺ ነጭናጫ! ገመድ መሳብ ትችያለሽ ወይስ መብላት ብቻ?»

«መብላት ብቻ» አልኩት። ሳቀ። ያው አርቪድ ነው፤ ረጅም፣ ፊቱን ፀሐይ ያቀላው፣ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ። መጀመሪያ ላይ ምንም አላየሁበትም። በሮቹን አንድ በአንድ ወጣናቸው፤ ሶልቬይ በዳር ትሄዳለች፣ እሱ ይነዳል፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ቦዩ የሚያልፍባት ትንሿ ቪከን ሐይቅ ላይ፣ ጠባቧ መተላለፊያ ጋ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ቆመ። ከኋላችን ያለው ጀልባ ጡሩምባውን ይነፋል።

«ምን ሆነሃል?» ስለው፣ «ላሳልፋቸው ብዬ ነው» አለኝ። ከፊታችን አንድም የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ሶልቬይ እንዳላየች ሆና ሳህን ታጥባለች።

ፎሽቪክ ላይ ነገሩ ለየለት። እስከዚያ ሽቅብ ስንወጣ ነበር፤ ፎሽቪክ የመጀመሪያው የቁልቁል በር ነው። ቁልቁል ሲሆን ሁሉም ሰው ጀልባው ላይ ይቆያል፤ ገመዱ አይታሰርም፣ በእጅ ይያዝና ውሃው ሲጎድል ቀስ እያለ ይለቀቃል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አርቪድ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የኋላውን ገመድ ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳውን ያያል። ውሃው ወረደ፣ የጀልባዋ ኋላ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ወለሉ ዘመመ፣ ሳህኖቹ ተንሸራተው ወረዱ፣ እኔም አብሬያቸው። «ኧረ ውሃውን ዝጉት!» ብዬ ጮህኩ። ሶልቬይ የዳቦ ቢላዋ ይዛ በእንብርክኳ ሄደችና ገመዱን በጠሰችው፤ ጀልባዋ ዷ ብላ ወደቀች።

«ማነው ያሰረው?» ብሎ አርቪድ አፈጠጠ።

«እኔ ነኝ» አለች ሶልቬይ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን! አትማሪም አንቺ?»

«ይቅርታ። ረስቼው ነው።»

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እህቴ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ አፌን አስያዘኝ።

ካርልስቦሪ ደርሰን እሱ ዜና ሲያዳምጥ መውረጃው ላይ ወጥሬ ያዝኳት፤ ግን እሷን ማን ይወጥራታል። «ዛሬ ትነግሪዋለሽ። ወይም ሁላችንም አውቶቡስ ተሳፍረን ቤታችን እንገባለን።»

«ጠዋት ከመነሳታችን በፊት እነግረዋለሁ። ዛሬ ከብዶታል።»

ለእሱ ነው የከበደው! የእሷ መዳፍ በገመዱ ተልጦ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል እንደ በለዘ ጥፍር ነበር። ንፋስ የሚባል ነገር የለም፤ አለመኖሩን ፈጽሞ አልወደድኩትም።

ጠዋት ያነቃኝ የሞተሩ ድምፅ ነው። በስተመጨረሻ እህቴ መሪ ጨበጠች ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ላይ ብቅ አልኩ። መሪው ላይ አርቪድ ነው። ወደቡ ከኋላችን ቀጭን መስመር ሆኗል። በቀኝ ውሃ፣ በግራ ውሃ።

«ሶልቬይ የታለች?»

«ዳር ላይ ናት» አለኝ ሳይዞር። «ገመዱን ይዛ እየመጣች ነው። ከበሩ ማዶ እንወስዳታለን።»

ያኔ ገባኝ። ሶልቬይ ወደቡ ሻወር ቤት ልትታጠብ ስትሄድ እሱ ለበሩ የወረደች መስሎት ተነስቶ ሄዷል።

«አርቪድ፣ እዚህ በር የለም። ተመለስ።»

«በር ውስጥ ወደ ኋላ አይዞርም፣ ሰው ተሰልፏል። ቁጭ በይ።» መሪውን ልይዝ ስል እጄን ገፋው፤ በክፋት አይደለም፣ ምድጃ ሊነካ ያለ ልጅ እንደሚገፋ ነው። ከዚያ ንፋሱ መጣ። ውሃው ጠቆረ፣ ጀልባዋ መንገጫገጭ ጀመረች። እሱ አንገቱን እያሰገገ በግራ በኩል ዳሩን ይፈልጋል።

«ዛሬ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አለ። «ደክሟት ይሆናል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስልኬ ጮኸ።

«የት ናችሁ?» ሶልቬይ ናት።

«ሐይቁ ላይ። መሪውን አይሰጠኝም፣ ውሃው ተነስቷል፣ ልናልቅ ነው!»

«ድምፁን ክፈችና አጠገቡ አድርጊው።» አደረግኩ። «አርቪድ፣ እኔ ነኝ።»

«የት ቀረሽ? በሩ ሊዘጋ ነው እኮ።»

«እግሬን አመመኝ፣ መሄድ አቃተኝ። አንተ ተመለስና ውሰደኝ።»

 ያን ጊዜ ማዕበሉ ከጎን መታን፤ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ብርጭቆው ሁሉ ረገፈ። አርቪድ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ግራውን፣ ቀኙን፣ ኋላውን። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሲግኔ፣ በር የለም አይደል?»

«የለም። ይሄ ቬተርን ነው።»

«ለሶልቬይ እንዳትነግሪያት» አለ በሹክሹክታ። «መርሳቴ እዚህ መድረሱን ካወቀች ትደነግጣለች።»

ስልኩ በመሃላችን ክፍት ነበር። 

«እኔ ምንም አልሰማሁም አርቪድ» አለች ሶልቬይ። «መሪውን ለሲግኔ ስጣት። አጠገቧ ቆመህ አሳያት።»

ሰጠኝ። ከኋላዬ ቆሞ እጁን እጄ ላይ አደረገ። «በጎን አትቀበዪው። አፍንጫዋን ስጪው። ቆይ... ቆይ... አሁን አዙሪ! ጎበዝ!» ሐይቁን እጁ አልረሳውም። እንዲህ እያለ ወደቡ ድረስ አደረሰኝ።

ሶልቬይ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትጠብቃለች። አርቪድ ወረደና ፊቷ ቆመ።

«ከእንግዲህ አልነዳም» አላት።

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለችው።

ከዚያ ተቃቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ያን የተረገመ ውሃ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሰድበው ቆየሁ።