«እግዜር ይስጥልኝ» ያልኋቸው ገበያተኛ

በኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከጎንደር አራዳ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የተነሣሁት ለንግድ አልነበረም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ለይቅርታ ሲሄድ ስላልተለመደ ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር።

ሱቄ ጣሊያን የሠራው ቤት ነው። ከበሩ ለመድረስ አራት ረጃጅም ደረጃዎች ይወጣሉ። ቅዳሜ ዕለት በዱላ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ከደረጃው ሥር ቆመው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ አንድ ነገርም አሉ። አቡጀዴ እየለካሁ ነበርና ቀና እንኳ ሳልል፣ ለለማኝ የሚባለውን «እግዜር ይስጥልኝ!» አልሁ። ሽማግሌው ዞረው ሄዱ።

ጎረቤቴ ሰይድ፣ ጨው ሻጩ፣ ከሱቁ ብቅ አለ። «ምነው፣ ምን ሆነሃል? እኒያ እኮ የአምባ ጊዮርጊሱ ግንበኛ አያ ፈንታ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ጣራ ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አይወጡም። ለልጃቸው ሠርግ ጨርቅ ሊገዙ ነው የመጡት።»

ሮጬ ወጣሁ፤ በገበያው ግርግር አጣኋቸው። እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ነው፤ ግን በጣም አፈርሁ።

ኮሶዬ፣ አራት ሰዓት

የተሳፈርሁት ለእህል ወደ ደባርቅ ባዶውን በሚወጣ የጭነት ማኪና ላይ ነው። አንድ ብር ከፈልሁ። ዳገቱን በጉም ውስጥ እየተንገጫገጭን ወጥተን ኮሶዬ ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሁላችንም ዘለን ስንወርድ አንዲት አሮጊት መውረድ አቅቷቸው ከላይ ቀሩ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሁለት ዳቦ ይዛ ወጣችና ወደ ላይ ዘርግታ፣ «እናቴ፣ የገብሱ ይሻልዎታል የስንዴው?» አለቻቸው። አሮጊቷ ሁለቱንም ጫን ጫን አድርገው የገብሱን ወሰዱ። ይህን አይቼ፣ የያዝሁትን ዳቦ ሳልጨርስ ወደ ማኪናው ተመለስሁ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ እኩለ ቀን

አያ ፈንታ ከቤታቸው ደጃፍ፣ አንድ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ። ስሜን ልነግራቸው ስል «አወቅሁህ፤ ያ የሰማይ ቤቱ ባለሱቅ» አሉኝ።

እጅ ነሥቼ ያመጣሁትን አሥር ክንድ አቡጀዴ ፊታቸው አስቀመጥሁ። «ይቅር ይበሉኝ አያ። ይህ ለልጅዎ ሠርግ ይሁን።»

አልነኩትም። «ምነው፣ ልመና የወጣሁ መሰለህ?»

«ታዲያ ያን ዕለት ጮኽ ብለው ቢጠሩኝ ምን ነበር?»

«ጠራሁህ እንጂ! መለስህልኝ እኮ።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፣ ጨርቁ ሸጋ ነው። ግን ምርጫው ያንተ ነው። እኔ ዳስሼ፣ አገላብጬ፣ አጣጥዬብህ፣ ተከራክሬ ነበር የምገዛው።»

የሱቄን በር ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ግንብ ሲነሣ ፊታቸው ፈታ አለ። በዱላቸው መሬት ላይ ሣሉልኝ። «ደረጃውን አታፍርሰው። በጎኑ ድንጋይ ደርድረህ ቀስ ብሎ የሚወጣ መንገድ አብጅ። ጭነት ያላት አህያ ሳትጎተት ከወጣችው፣ እኔም እወጣዋለሁ።»

ጠላ አጠጡኝ፤ አቡጀዴውን ግን ወደ ከረጢቴ አስመለሱኝ።

ጎንደር

ማክሰኞ ተመለስሁ፤ እስከ ዓርብ ድንጋይ አስደረደርሁ። ሰይድ አህያውን ጨው ጭኖ አምጥቶ ሞከረልኝ። ሳትጎተት ወጣች፤ አልወርድም ብላ ሱቄ ውስጥ ቆመች እንጂ። አራዳ ሁሉ ሳቀብኝ። አንዱማ «አህያይቱ ስንት ክንድ ገዛች?» አለኝ።

ቅዳሜ አያ ፈንታ መጡ። ዱላቸውን እየተከሉ፣ የማንንም እጅ ሳይዙ ወጡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከመደርደሪያው ጫፍ ያለውን ሁሉ አስወረዱኝ። አንዱን ወደ ብርሃን አዙረው «ይሄማ ወንፊት ነው» አሉ። የጠራሁትን ዋጋ በግማሽ ቆረጡት። እንቢ አልሁ። ተነሡ፤ በወጡበት ወርደው ወደ ሌላ ጨርቅ ሻጭ አመሩ።

ሰው ገብቶ እንዲገዛ በር ማመቻቸት ይበቃል ብዬ ነበር። ለካ ዕቃውን ንቆ፣ ሳይገዛ ለመውጣትም መንገድ ያስፈልገዋል። ለማንኛውም ገበያተኛ እንደምጮኸው ከኋላቸው ጮኽሁ፦

«አያ ፈንታ፣ ኧረ ይመለሱ!»

«አስቀድመህ ዋጋውን ጥራ» አሉ፣ ዘወር ሳይሉ፤ «ከዚያ እኔን ትጠራለህ።»

ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ጠራሁ።