የአዴ ወርቄ ኮዝሎቭ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ልብስ እያሰጣሁ ነው። አከራዬ አዴ ወርቄ ከሳሎን «አንቺ ልጅ! ነዪ! ድረሺ!» ብለው ጮኹ። እሳት የተነሳ መስሎኝ ያጠብኩትን አንሶላ ጭቃ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

እሳት የለም። አዴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ስክሪኑን በጣታቸው ሊበሱት ደርሰዋል። አንድ የሩሲያ የትግል አሰልጣኝ ቃለ መጠይቅ ያደርጉለታል። ከሥሩ ስሙ ተጽፏል፣ መጨረሻው «ኮዝሎቭ» ይላል።

«የዶክተር ልጅ ነው! ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! ቁርጥ አባቱን!»

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚህ አምቦ አዴ ወርቄ ግቢ የተከራየ ሰው በሙሉ ዶክተር ኮዝሎቭን ያውቃል። በደርግ ጊዜ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ራሺያዊ ነው። አዴ በመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ጠንቶባቸው፣ ከጉደር በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧቸው ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ዶክተሩ ኦፕራሲዮን አደረጋቸውና እናትም ልጅም ተረፉ። ልጅቷ ዛሬ ሸነን ከተማ አስተማሪ ናት፣ ራሷም የልጆች እናት ሆናለች።

አዴ አገግመው ሊያመሰግኑት ዶሮ ይዘው ሲመጡ «ሀገሩ ገባ» ተባሉ። ዶሮዋን ይዘው ተመለሱ። ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይጸልዩለታል። የልጆቻቸውን ስም ጠርተው ሲጨርሱ «ኮዝሎቭንም ጠብቅልኝ» ይላሉ። ክፍሌ ከመኝታ ቤታቸው ጎን ስለሆነ በደንብ ይሰማኛል።

እኔ ደግሞ... ምን አለ ዝም ብል? ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ማብራራት ሱስ ሆኖብኛል።

«አዴ፣ ልጁ ላይሆን ይችላል እኮ። ኮዝሎቭ የቤተሰብ ስም ነው። ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ። ሩሲያ ውስጥ ኮዝሎቭ የሚባል ሞልቷል።»

«የአባቱ ስም አይደለም?»

«አይደለም። ሁሉም በሱ ይጠራሉ።»

«እሺ... የዶክተሩ የራሱ ስም ታዲያ ማነው?»

«እሱማ ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚጠሩት በቤተሰቡ ስም ስለሆነ ነው እርስዎ ያልሰሙት።»

አዴ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉ።

«እና እኔ እስከዛሬ የምጸልየው ለማን ነው? ለቅድመ አያቱ?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዓይናቸውን አየሁት። እንባ ሞልቷል።

«ሰው ሲጸለይለት በስሙ ነው። ዶሮዋን አላደረስኩለት... ጸሎቱንም አላደረስኩለት?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ደስ ብሏቸው የነበሩትን ሴትዮ ጸሎት አፈራረስኩ እኮ። ደነገጥኩና ስልኬን አወጣሁ። ስሙን ባገኝላቸው ብዬ ፈለግኩ። ኮዝሎቭ የሚባሉ ታዋቂ ሰዎች በሙሉ የተሰበሰቡበት ገጽ አገኘሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ በአንድ ማሳየት ጀመርኩ።

«ይሄ ማነው?»

«ጄኔራል ነው።»

«ሐኪም አይደለም?»

«አይደለም።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄ እንደ ገና ጨዋታ ያለ ነገር ነው የሚጫወተው። በበረዶ ላይ።»

«በበረዶ ላይ! እናት የለውም?»

«አለው አዴ፣ ስፖርት ነው።»

«ይቺስ?»

«ዘፋኝ ናት።»

«ቆንጆ ናት። ቀጥዪ።»

ሚኒስትሩ አለፈ፣ ሠዓሊው አለፈ፣ ሯጩ አለፈ። አዴ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ፊት አተኩረው ያያሉ። አንድ ሐኪም አገኘንና እልል ልንል ስንል... አዴ ሳይወለዱ የሞተ ሆኖ ተገኘ።

የእኛ ዶክተር የለም። ከሀገሩ ርቆ መጥቶ አምቦ ላይ እናትና ልጅ ያተረፈ ሰው እዛ ገጽ ላይ አይወጣም። በጣም ነው የተናደድኩት። ኳስ የመታ ሁሉ አለ እኮ!

«አዴ» አልኩ ሳጣ ሳጣ፣ «ለዘሩ ሁሉ ነው የጸለዩት ማለት ነው። እሱም በውስጡ አለበት።»

ትንሽ አሰቡና ቀና አሉ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጄኔራል፣ ይሄ ሁሉ ሚኒስትር የሆነው በማን ጸሎት ነው?»

«በእርስዎ ነዋ!»

ሳቁ። እኔም እፎይ አልኩ። አለቀ ብዬ አንሶላዬን ደግሜ ላጥብ ወጣሁ። ግን ራት ሲቀርብ አልበሉም። እንጀራውን ቆርሰው ይዘው «ስሙን እንኳን ብጠይቀው ምን ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ አዴ እንደ ወትሮው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ልጆቻቸውን ጠሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጠሩ። ከዛ... ጸጥ። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ እንዳደረግኩ ቆሜ ቀረሁ። የሚያቆሙት መሰለኝ።

ቆይተው ድምፃቸው መጣ። የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው የሚመስለው።

«ያንን ሰውዬ ጠብቅልኝ። ሞቶም ከሆነ ነፍሱን ማርልኝ። ስሙን እኔን አትጠይቀኝ... አንተም እዛው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነበርክ!»

ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አሜን አልኩ። እናንተም ስሙን የማታውቁት ባለውለታ ካላችሁ... አሜን በሉ።