የሲስተር ጸሐይወርቅ ነጥቦች

ሲስተር ጸሐይወርቅ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። ቆማለች ስል በቁሙ ነው፤ እዚያ ክፍል ወንበር የሚያገኝ የለም። ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ሲመጣ፣ ወደ ሆድ የምትገባውን ካሜራ እንድትይዝ የተመረጠችው እሷ ነበረች። እጇ አይንቀጠቀጥማ።

በ2008 ዓ.ም. በርናባስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣ። የሰው ሥጋ እንደ ብረት አይደለም፤ በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር ጉበቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ሲነኩት ይለጠጣል። በርናባስ ኮምፒውተር ይህን እንቅስቃሴ ከብዙ ምሳሌ ተምሮ እንዲከተልና ሐኪሙ መቁረጥ የሌለበትን እንዳይቆርጥ ሊያግዘው ፈለገ። ለምሳሌው ግን አንድ ዐዋቂ ካሜራው በቀዳው በየምስሉ ላይ ያችኑ የሥጋ ቦታ እየፈለገ ነጥብ መጣል ነበረበት። ጸሐይወርቅ ከሥራ ስትወጣ እሱ የሰጣትን ላፕቶፕ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ይዛ እየሄደች፣ በስምንት ወር ዘጠኝ ሺህ ምስል ጨረሰች። ዓይኗ ቀላ፣ ወገቧ ተያዘ። ደስ ግን ይላት ነበር። ኮምፒውተሩ ነጥቧን ሳይስት መከተል የጀመረ ዕለት ብቻዋን ስቃ ልጇን ሄራንን አስደነገጠቻት።

ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። ነጥቡን የጣለው ባለሙያ ለስድስት ወር ሥልጠና ሕንድ አገር ይላክ ይላል። አንድ ሰው ብቻ። ጸሐይወርቅ ለራሷ ብዙ የምትመኝ ሴት አይደለችም፤ ይህን ግን ከልቧ ተመኘች።

ጉዳዩ የተወሰነው ግምገማ ላይ ነው። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ፣ ደብተር ዘርግቶ እርስ በርስ መካሰስ። አምና ለሠራችው ሥራ "እኔ ነኝ" ብላ በግለኝነት ተገምግማ ውጤቷ ወርዶባታል። ስለዚህ ሰብሳቢው "ይህን ማን ሠራው?" ሲል፣ ሁሉም እውነቱን ስለሚያውቅ ሌላ ሰው ይናገርልኛል ብላ አንገቷን ደፋችና "ቡድናችን ተባብሮ ነው" አለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። አንድም ሰው! ቃለ ጉባኤው ላይ ቡድኑ ተጻፈ፤ የቡድኑ ተጠሪ ደምሴ ነውና ደምሴ ተመረጠ። በርናባስ መጥቶ ቢጮህም "የራሷን ቃል ነው የጻፍነው" ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ፊርማዋን አሳዩት።

ደምሴ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፑን ይዞ ታቦር ቤቷ መጣ። ዓይን አውጣ!

"ሲስተር፣ እባክዎ አሠራሩን ያሳዩኝ፤ እዚያ ሄጄ እንዳላፍር።"

በሩን ልትዘጋበት ምንም አልቀራትም ነበር። አስገባችው።

"ይቺ የምታብለጨልጨዋ የመብራት ነጸብራቅ ናት" አለችው ምስሉ ላይ እየጠቆመች። "ሥጋው ሲንቀሳቀስ አብራው አትሄድም። እዚህ ላይ ነጥብ ከጣልክ ኮምፒውተሩ ውሸት ይማራል።"

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረችው።

በመጨረሻው ቀን ደምሴ እንደወጣ ሄራን ጦፋ ጠበቀቻት። "እማዬ፣ ምን ነካሽ? ተሳስቶ ቢዋረድ ምን ቸገረሽ?"

"እሱ ቢዋረድማ ደስታዬ ነበር" አለች ጸሐይወርቅ። "ሲሳሳት የሚቆረጠው ግን የእሱ ሆድ አይደለም።"

ከዚያ ለፓስፖርት ብላ የተነሣቻቸውን አራት ጉርድ ፎቶዎች ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት። "አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ማየት አልፈልግም" አለቻት።