ለጎረቤት የማላካፍለው ቫይታሚን

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ «ለጎረቤትም አቅምስ እንጂ!» ብላ ብልቃጤን ስታነሳ ጮኼ ነጠቅኋት።

ልጃችን «ለስኳርህም ለእርጅናህም ይረዳል» ብሎ የላከልኝ የአሚኖ አሲድና የቫይታሚን እንክብል ነው። ስስታም አትበሉኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ከድንበሩ ጦርነት በፊት አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እሠራ ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ሰይድ ለኮሌስትሮላቸው የታዘዘ ቢ3 የሚባል ቫይታሚን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣላቸው።

ሰው ፊት ብቻቸውን መዋጥ ነውር ሆነባቸው። ሱቁ በር ላይ ለተቀመጥነው ሁሉ «ቢስሚላህ በሉ!» እያሉ ሁለት ሁለት አደሉን።

ብዙም ሳይቆይ ፊታችን ፍም መሰለ፤ ገላችንን በርበሬ እንደነሰነሱበት ይለበልበን ጀመር። ሙቀቱ ነው እንዳንል የአሰብን ሙቀት እናውቀዋለን።

«ተመርዘናል!» አለ አንዱ።

ሐጂ «የሰው ልጅ ፈጀሁ!» እያሉ በፒክአፕ ክሊኒክ አደረሱን።

ነርሷ አየችንና ምን እንደዋጥን ሰምታ «የቫይታሚኑ ጠባይ ነው፣ ያልፋል። ግን ያልታዘዘላችሁን ምን አስዋጣችሁ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረች። «እርስዎስ ስንት ዋጡ?»

ሐጂ ባዶውን ብልቃጥ አሳዩዋት። ለራሳቸው አልተረፋቸውም ነበር።

እናንተንስ የሰው ደግነት ክሊኒክ አድርሷችሁ ያውቃል?