ባለ ሦስት ማዕዘኑ ማኅተም

ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ በጦርነት ጊዜ ከወታደሮች የተላኩ አሮጌ ፖስታዎችን እሰበስባለሁ። ቴምብር የላቸውም፤ ከየት እንደመጡ የሚናገረው ማኅተማቸው ነው። ያየሁትን ማኅተም ሁሉ ደብተር ላይ በእርሳስ እገለብጣለሁ።

ይህን የሰሙ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። ደረጃው አድክሟቸዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አወጡ።

«የመጀመሪያው ባሌ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰሜን ዘምቶ ቀረ። ደብዳቤው የደረሰኝ መርዶ ከተነገረኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። መንገድ ቆይቶ ነው አሉኝ። ከየት እንደጻፈው ብቻ ንገረኝ፣ ልጄ። ያሁኑ ባለቤቴ ልደታ ማርያም ሄዷል፤ ሳይመጣ ቶሎ በል።»

«መርዶው መቼ ነበር፣ እማማ?»

ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ሳያመነቱ ነገሩኝ።

ማጉያ መነጽሬን አነሳሁ። ከፖስታው ጀርባ ባለ ሦስት ማዕዘን ማኅተም አለ። የጦር ሜዳ ማኅተም ክብ ነው፤ እንዲህ ያለውን እምብዛም አላየሁም። ቀኑ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከመርዶው አምስት ወር በኋላ ነው።

ተለቅሶላቸው፣ ተዝካራቸው ወጥቶ፣ ሰውየው በሕይወት ነበሩ ማለት ነው? ተማርከው ይሆን? እኚህ እናት ሌላ አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። ፊቴን እንዳያነቡት ፈርቼ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ምን ይላል?»

«ቀለሙ ደብዝዟል። ለነገ ቢተዉልኝስ?»

«አይሆንም። ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እንዞራለን። ደብተሬን ማገላበጥ ጀመርኩ። በስንት መከራ አገኘሁት። ያው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ በገዛ ጽሕፈቴ «የምርመራ ጣቢያ» ይላል። ደብዳቤ ተከፍቶ የሚታይበት፣ ከረጢቱ ወራት የሚከርምበት ቦታ ነው።

እንግዲያው የተላከበት ቀን ሌላ ነው። ፖስታውን ገልብጬ መስኮቱ ጋ ወሰድኩና ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። ከአድራሻው በላይ ሊጠፋ የደረሰ ክብ ማኅተም ብቅ አለ። ቀኑ መርዶውን በሦስት ሳምንት ይቀድማል። ትንፋሼ መለስ አለ። ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ስለቅም ግን እንደገና ደነገጥኩ።

«እማማ፣ እንዴት ሞቱ ነው ያሉዎት?»

«በጥይት፣ እዚያው ሜዳ ላይ። አስከሬኑን ያነሳው የለም አሉኝ።»

«ደብዳቤው የተላከው ከጦር ሆስፒታል ነው።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «‹ደህና ነኝ፣ አታስቢ› ነው እኮ የሚለው!»

«ቆስለው ተኝተው የጻፉት ይመስለኛል። እዚያው ይረፉ፣ ድነው ወደ ግንባር ይመለሱ፣ ማኅተሙ አይነግረኝም።»

በመናገሬ ወዲያው ተጸጸትኩ። የሚወድቁ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ማኅተሙን አሳየኝ አሉና ጣታቸውን አሳረፉበት።

«አልጋ ላይ ነበራ» አሉ። «ውሃ የሚያቀብለው ሰው ነበረ።»

ከዚያ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ፖስታውን ጠቅልለው ሲነሱ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ደግፌ አወረድኳቸው። መጀመሪያ ያነበብኩትን ቀን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።