በመስተዋት የተሣለው ዘበኛ

ሠዓሊው ከንጉሥ አያቱ የወረሰው አፍንጫና አገጭ ብቻ ነው። አያቱ ከዙፋን ሲወርዱ አባቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አድጎ የመጋዘን ጸሐፊ ሆነ፣ በመዝገብ ጠርዝ ላይ ፈረስ እየሣለ አረጀ። ልጁ ደግሞ ለሱቆች ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የሟቾችን መልክ ይሥላል። ፎቶግራፍ ያልተረፈው ሟች ሲገጥመው ከቀለም መደርደሪያው አጠገብ በተሰቀለው መስተዋት የራሱን ፊት እያየ ይሥልና ቤተሰቡ እንደነገሩት ያርመዋል፤ ጆሮ ያሰፋል፣ ጺም ይጨምራል። ቅር ያለው ደንበኛ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ አዋላጅ መጡ።

"አባቴን ሣልልኝ፣ ልጄ። ፎቶ የለውም። የቤተ መንግሥቱ የኋላ በር ዘበኛ ነበር። ንጉሡ በዚያ በር ሲሸሹ 'እስክመለስ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ' አሉት። አልተንቀሳቀሰም። እዚያው ገደሉት።"

ሠዓሊው ታሪኩን ያውቀዋል። በእነሱ ቤት ግን የሚወራው ለቀልድ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ አጎቱ "ያ ዘበኛ እስካሁን እየጠበቀ ይሆን?" ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

የሴትዮዋን ዓይን ማየት አቃተው። አንገቱን እንደደፋ "ግንባራቸው ሰፊ ነበር? ጺምስ?" እያለ ጻፈ። የማን ልጅ እንደሆነ አልተነፈሰም።

በሳምንቱ ተመልሰው ሥዕሉን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

"ጺሙ የአባቴ ነው። ፊቱ ግን... ትምህርት ቤታችን ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ምነው ልጄ! ጥሎት የሄደውን ሰው የዘበኛ ካፖርት አልብሰህ ትሰጠኛለህ?"

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ።

"አያቴ ናቸው፣ እማማ። ከመስተዋት ነው የሣልኩት። የመጡ ዕለት ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ቤታችን ስለ አባትዎ ሲቀለድም... አብሬ ስቄያለሁ።"

ሴትዮዋ በርጩማውን ወደ ብርሃኑ ስበው ተቀመጡ።

"እንደገና ጀምር። እስክትጨርስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። መጠበቅ እንደሆነ በዘራችን ነው።"

መስተዋቱን ወደ ግድግዳው አዞረው። አዲስ ወረቀት ወጠረ፤ እርሳሱን እንደያዘ ቆመ።

"ታዲያ ምን እያየሁ ልሣል?"

"ቁርጥ አባትሽን ነሽ ይሉኛል፤ አንተ መቼ ቀና ብለህ አየኸኝ?"

ቀና አለ። ግንባሩን ጨረሰ፣ ጉንጩን ጨረሰ። ዓይናቸው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሱም።

"ሣል እንጂ" አሉት።